አስቸኳይ፣ በቀይ

«የብሪቱ ወረቀት ጥቁር ስለሆነ ከታች አድርጌዋለሁ» ሲል ሰንበቴ የወንድሟን ድምፅ የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። ለሚስቱ ለዲንቄ ነበር የነገራት፣ በሹክሹክታ። ቤቱ በቀርከሃ ተማግሮ ጭቃ የተመረገ ሁለት ክፍል ነው፤ የመካከሉ ግድግዳ በክረምቱ እርጥበት ጭቃው እየረገፈ እዚህም እዚያም ቀርከሃው ስለታየ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ሌላው ክፍል ሳይደርስ አይቀርም። ሰንበቴ ዲንቄ የምትመልሰውን ጠበቀች። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ጡት ሲሰጠው ዝም አለ፤ ከዚያ ወንድሟ ኢተፋ የጫማውን የደረቀ ጭቃ ደጃፉ ላይ እያጋጨ ሲያራግፍ ተሰማ። «ዛሬም ሊዘንብ ነው» አለ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልተናገረ ሰው።

ብሪቱ የሁለቱም ታናሽ እህት ናት። የጤና ረዳትነት ተምራ ስትጨርስ የተመደበችው ከወንዙ ማዶ፣ ከወሎ በድርቁ ምክንያት ተጭነው የመጡ ሰዎች ከሰፈሩበት መንደር ነበር። ክረምቱ ከገባ ወንዙ ሞልቶ ተራ መኪና አያሻግርም፤ የሚችለው የሰፈራው ጽሕፈት ቤት ያለው ትልቁ፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት የሚታሰርለት የጭነት መኪና ብቻ ነው፣ እሱም ያለ ኃላፊው ፊርማ ከግቢ አይወጣም። በዚያ ሳምንት አንድ የትራክተር ነጂ ወንዙን በዋና ተሻግሮ ከብሪቱ መልእክት አመጣ። የተጻፈው በመድኃኒት ካርቶን ቁራጭ ጀርባ ላይ ነበር። «ወባው በርትቷል። ክኒን አልቆብኛል። ሰው በየቤቱ ወድቋል፣ እኔንም ያንቀጠቅጠኝ ጀምሯል። እባካችሁ መኪና ላኩልኝ።» ሰንበቴ በዚያው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ስለሆነች ካርቶኑ እጇ ላይ ደረሰ፣ እሷም በመሥሪያ ቤቱ ወግ መልሳ ጻፈችው፤ በመንደሩ የወባ በሽታ የተከሰተ መሆኑን፣ የመድኃኒት እጥረት ያጋጠመ መሆኑን፣ የጤና ረዳቷም ጤና የታወከ መሆኑን እየገለጽን፣ ተሽከርካሪ እንዲመደብልን በአክብሮት እንጠይቃለን ብላ። ስትጨርሰው እህቷ ከወረቀቱ ውስጥ ጠፍታ ነበር። አናቱ ላይ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ጻፈች። ቀይ ስላልነበራት በጥቁር ጻፈችው፣ እንዲወፍር ብላ እላዩ ላይ ደግማ መታችው፣ ከሥሩም ድርብ መስመር አሰመረችበት። ወንድሟ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው፣ ወረቀት የሚያሰልፈው እሱ ነው። እሱ ያውቃል ብላ ተማምና ነበር።

የቀዩ ነገር የመጣው ከአዲሱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ነው። በበልግ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ሲያይ ደነገጠና መመሪያ አወጣ። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል በቀይ ተጽፎ የተሰመረበት ደብዳቤ በቀዩ አቃፊ ገብቶ በዚያው ቀን ይቀርብለታል፤ በጥቁር የተጻፈው እስከ ሳምንታዊው ስብሰባ ይቆያል። መጀመሪያ ጥሩ ሠራ። እየዋለ ሲያድር ግን ሁሉም ሰው ነቃ። ግምጃ ቤቱ ምስማር ሲጠይቅ በቀይ ሆነ። የግቢው ዘበኛ ካፖርት የጠየቀው በቀይ ነው። የበዓል ኮሚቴው ከበሮ ለማስጠገን፣ የአዳራሹን ወንበር ለመዋስ፣ ሁሉን በቀይ አስጻፈ። የሰንበቴ የጽሕፈት መኪና ሪባን የላይኛው ግማሹ ጥቁር፣ የታችኛው ግማሹ ቀይ ነው፤ በስተቀኝ ያለችውን ጥርስ ዝቅ ስታደርጋት ፊደሉ ቀዩን ይመታል። በወራት ውስጥ ቀዩ ግማሽ ተደብድቦ ተደብድቦ ቀለሙ አለቀና ነጭ ጥጡ ብቻ ቀረ፣ ጥቁሩ ገና እንደ አዲስ ሳለ። አዲስ ሪባን እንዲገዛ ለኃላፊው ጽፋለች። ደብዳቤው ቀይ ስላልነበረ እስካሁን ከታች ነው።

ለቁርስ የቀረበው የበቆሎ ንፍሮ ነበር። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ስለሰነበተ ሻዩን በጨው ነው የጠጡት። ኢተፋ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ ሳያነሳ ይበላል። ሰንበቴና ብሪቱ አባታቸው ሲሞት ገና ሕፃናት ስለነበሩ ያሳደጋቸው እሱ ነው፤ ሁለቱም ኦቦ ይሉታል፣ አንተ ብለውት አያውቁም። ቤተ ክርስቲያናቸው በታሸገ ጊዜ ታስሮ ከተፈታ ወዲህ ግን ሰውዬው ሌላ ሆኗል። ቀድሞ መዝሙር የሚያወጣ፣ ሠርግ ላይ የሚያስቅ ሰው ነበር። አሁን በር ሲንኳኳ ጉንጩ ላይ ያለ ጡንቻ ይዘላል።

«ኦቦ» አለች ሰንበቴ። «የብሪቱን ወረቀት ከላይ አያደርጉትም?»

«ሰምተሻላ።» ንፍሮውን አላምጦ እስኪውጥ ቆየ። «በቀይ ጻፊው፣ ከላይ አደርገዋለሁ።»

«ቀይ እኮ የለም።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እሷም እኮ ታማለች።»

ኢተፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «የሁንዴሳን ነገር ረሳሽው?» አለ። ሁንዴሳ ከእሱ በፊት በዚያች ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው፤ የአጎቱን ልጅ ማመልከቻ ከቀዮቹ ጋር ቀላቅሎ አስገባ ተብሎ፣ በዝምድና ሠርተሃል ተብሎ፣ በጽሕፈት ቤቱ መኪና ነው የተወሰደው። ሚስቱ እስከ ዛሬ በሰሐን ምሳ ይዛ በፊታቸው ታልፋለች። «እህቱ ናት ይሉኛል» አለ ኢተፋ። «ሌላው ሁሉ ይቀርና ይህችን አንድ ቃል ነው የሚይዙት።» ዲንቄ ሕፃኑን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረችው። ሰንበቴ የምትለው ነበራት፣ ነገር ግን የዲንቄን ፊት ስታይ ተወችው። ኢተፋ ታስሮ በነበረ ጊዜ ስንቅ ያመላለሰችው ዲንቄ ናት።

መሥሪያ ቤት ስትደርስ ኃላፊው ከመኪናው ሲወርድ አገኘችው። ሌላ ቀን ቢሆን ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፈው ነበር። ያን ቀን ግን እግሯ ራሱ ወደ ፊት ወሰዳት። «ጓድ ኃላፊ፣ አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር...» ኃላፊው ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሸሚዙ በላብ የተጣበቀበት ሰው ነው። ሳይቆም እጁን አነሳ። «በጽሑፍ፣ ጓዲት።» «ጽፌያለሁ ጓድ።» «እንግዲያው ይታያል» አለና ገባ። እሷም በሩ ላይ ቀረች። ይታያል የሚለው ቃል ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በቀን ብዙ ጊዜ የምትጽፈው ቃል ነው።

የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ የቀዩን ጥርስ ዝቅ አድርጋ «አ»ን መታች። ወረቀቱ ላይ የቀረው የፊደሉ ጠባሳ ብቻ ነው፣ ቀለም የለውም። ሪባኑን በእጇ እያዞረች ምናልባት ያልተመታ ቦታ ይኖር እንደሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸችው። ከዚያ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ፍርድ ቤት ያለችው ታይፒስት ጥቁር ብቻ ነው ያላት፣ እሱም የተቀጠለ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደግ ሰው ነው፤ ሣጥኑን ሁሉ ገልብጦ አሳያት፣ ነገር ግን የፈተና ማባዣው ቀለም ሐምራዊ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ በሰም ታሽጎ በሩ ላይ ሸረሪት አድርቷል፤ በመስኮቱ ስታይ የጽሕፈት መኪናው በጨርቅ እንደተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ አለ። ኮረብታው ላይ ወዳለው ላይኛው ጽሕፈት ቤት ስትወጣ ጭቃው ጫማዋን እየነቀለ አስቸገራት፣ በመጨረሻ አውልቃ በእጇ ያዘችው። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ፣ ፀጉሯን በጥንቃቄ የተሠራች ልጅ ናት። ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ሰንበቴ አየቻቸው፤ ገና ከላስቲካቸው ያልወጡ ሪባኖች፣ ግማሻቸው ጥቁር፣ ግማሻቸው ቀይ፣ እንደ ሳሙና ተደርድረዋል።

«ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ነው» አለች ልጅቱ። «መፈክሩ ሁሉ በቀይ ነው የሚጻፈው።»

«አንድ ቃል ነው የምጽፈው። እዚሁ፣ በአንቺ መኪና። አንድ ቃል።»

ልጅቱ ወደ ኮሪደሩ አየች። ለአፍታ እጇ ወደ ሪባኑ የሄደ መሰለ። «የእናንተ መሥሪያ ቤት ወረቀት በኔ መኪና ተጽፎ ቢገኝስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፊደሉን እኮ ያውቁታል፣ እህቴ። የኔ ‹ስ› ጎኑ የተሰበረ ነው።» ቁም ሣጥኑን ዘጋችው፣ ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ሰንበቴ አልተቆጣችም። ልጅቱን ስታይ ኢተፋን አየች፤ ልክ እንደሱ ጉንጯ ላይ አንድ ጡንቻ ዘለለ።

ስትመለስ በገበያው በኩል ነው ያለፈችው። ቀኑ የገበያ ስላልሆነ ከማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጡት ጥቂት ሴቶች ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዐፊፋ ናት፤ የአሶሳ ሰው፣ ለሻይ የሚፈላውን ቀይ ከርከዴ በጆንያ አድርጋ የምትሸጥ። ሰንበቴ ሁልጊዜ ከእሷ ነው የምትገዛው፣ ክረምቱን ደግሞ ዋጋው ስለጨመረ ትከራከራታለች። ያን ቀን ግን ሳትናገር ጆንያው አጠገብ ቁጢጥ አለች፣ የደረቀውን አበባ በእጇ ዘገነችና ተመለከተችው። ጥቁር ሊመስል የደረሰ ቀይ ነው። መዳፏ ላይ ባለው ላብ ጣቷ ቀላ።

«አንተ ለምን አለቀሰ?» አለች ዐፊፋ። በእሷ አማርኛ ወንድም ሴትም አንተ ነው።

ሰንበቴ ማልቀሷን አላወቀችም ነበር። ነገረቻት፤ እህቷን፣ ወንዙን፣ መኪናውን፣ ቀለሙን። ዐፊፋ የወረቀቱ ነገር ብዙም አልገባትም፤ እህት መታመሟ ግን ገባት። «ወላሂ፣ ይሄ ለሻይ ነው» አለች ከርከዴውን እያየች። «ለወረቀት እኔ አያውቅም። ግን ልብስ ከነካ አይለቅም።» ተነሥታ ከጎኗ ካለች ሻይ ቤት ፍም ለመነች፣ ጣሳ ውስጥ ጥቂት ውሃ ላይ ብዙ አበባ ጨምራ ፍሙ ላይ ጣደችው፣ እስኪወፍር፣ በማንኪያ ሲነሳ እስኪዝለገለግ ድረስ አፈላችው። ሁለቱም ጣሳውን እያዩ ቁጢጥ ብለው ቆዩ። ሲወፍር ዐፊፋ በጠርሙስ ቀዳችላት፣ አፉን በከረጢት ቁራጭ ወተፈችው፣ ሰንበቴ ቦርሳዋን ስትፈልግ እጇን መታ አደረገቻት። «ሂድ። አላህ ያሽረው።»

መሥሪያ ቤት ስትመለስ ቀኑ ሊጋመስ ነው። ከሪባኑ ክንድ የሚሆን ፈታች፣ ቀለሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክራ የዶሮ ላባ እየነከረች ነጩን ግማሽ ብቻ ቀባችው፣ ጥቁሩን እንዳይነካ ትንፋሿን ይዛ። አዲስ ወረቀት አስገብታ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምራ በጥቁር ጻፈች። ስትጨርስ የቀዩን ጥርስ ዝቅ አደረገችና አናቱ ላይ «አስቸኳይ» ብላ መታች። ፊደሎቹ ከከርከዴው የተነሣ ተጣብቀው መመለስ እምቢ አሉ፤ እያንዳንዳቸውን በጥፍሯ እየነቀለች መለሰቻቸው። ቃሉ ግን ቀይ ነበር። እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሪባኑ አዲስ በነበረ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ቀይ አልጻፈችም። ከሥሩ አሰመረችበት። ወረቀቱን አወጣችና እየተነፈሰችበት ወደ መዝገብ ቤቱ ሮጠች።

ኢተፋ ወረቀቱን ተቀበላት። ለረጅም ጊዜ አየው። ከየት አመጣሽ አላላትም። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ለቀቅ አለ፣ ለአፍታ የድሮው ሰው መሰላት። «ቀይ ነው» አለ ለራሱ። ቀዩን አቃፊ ከፈተና ከሁሉም በላይ አደረገው፣ ዘጋው፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባ።

የኃላፊውን ክፍልና የታይፒስቷን ቦታ የሚለየው ስስ የቺፕውድ ግድግዳ ነው። ኃላፊው እንግዶች ነበሩት። ኢተፋ አቃፊውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እሷም በዚህ በኩል እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እንግዶቹ ስለ ትራክተር ነዳጅ ተናገሩ፣ ሳቁ፣ ሻይ ጠጡ፣ ደግመው ተናገሩ። ሲወጡ ዝናቡ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። አቃፊው ሲከፈት ሰማች።

«ይህ ምን ቀለም ነው?» አለ ኃላፊው።

ኢተፋ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ የጫማው ድምፅ ተሰማ።

«ጓድ ኢተፋ፣ ይህን ከቀዩ ጋር ያስገባኸው አንተ ነህ?»

«ሳስገባው ቀይ ነበር፣ ጓድ።»

«አሁንስ?»

«አሁን...» የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «አሁን ሐምራዊ ነው፣ ጓድ።»

ሰንበቴ ጠረጴዛዋ ላይ የተረፈውን የሙከራ ወረቀት አነሣች። ከርከዴው ሲደርቅ ቀይነቱ ሄዶ ነበር፤ መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣ ጫፍ ጫፉ ደግሞ እንደ አመድ ሆኗል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አሁንም ቀይ ነው።

«ለሐምራዊ ምን ብለናል?» አለ ኃላፊው። የጠየቀው በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነበር።

«ለሐምራዊ... ምንም አላልንም፣ ጓድ።»

«እንግዲያው መመሪያ እስኪወጣለት ከጥቁሩ ጋር ይቆይ። እንዲህ እየተደባለቀ አይሆንም።» ከዚያ፣ «ጉዳዩ የምንድን ነው?» አለ።

ሰንበቴ ተነሥታ ቆመች። አሁን ይናገራል አለች። ጉዳዩ የእህቴ ነው ይላል፤ ሰው እየሞተ ነው ይላል። ጆሮዋን ቺፕውዱ ላይ አስጠጋች። ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በስተቀር ምንም አልተሰማም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ ኃላፊው አነሣውና ስለ ነዳጁ መናገር ጀመረ። በሩ ተከፍቶ ኢተፋ ወጣ። በፊቷ ሲያልፍ አላያትም። በክፍቱ በር በምታየው መዝገብ ቤት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከጠረጴዛው ዳር ያለውን የጥቁሮቹን ክምር ብድግ አድርጎ ወረቀቱን ከሥር አስገባው፣ በመዳፉም ጫን ጫን አደረገው፣ ጠርዙ ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲሆን።

ሰንበቴ መኪናዋን በጨርቁ ሸፈነች። ጃንጥላዋን ስታነሣ ወንድሟ፣ «ወዴት ነው?» አላት።

«ብሪቱ ጋ።»

«በእግርሽ? በዚህ ዝናብ? የሥራ ሰዓት እኮ ነው፣ ሰንበቴ።»

ለወንድሟ መልስ ሳትሰጥ ጀርባዋን ስታዞር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከመናኸሪያው ጥግ የሙርሳል መድኃኒት መደብር አለ። የወባ ክኒን፣ ክሎሮኪን አለህ ብትለው ሙርሳል ከመደርደሪያው ሥር የተከፈተ ጣሳ አወጣና በወረቀት ጠቀለለላት፤ ለአንድ መንደር የሚሆን አይደለም፣ ለጥቂት ቤት ይበቃል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ስትከተው አንድ ሐሳብ መጥቶ እዚያው አቆማት። ሱቁ ጠዋትም ክፍት ነበር። ትናንትም። ይህን ይዛ ጎህ ሲቀድ ብትነሳ ኖሮ አሁን ወንዙ ጋ ነበረች። እሷ ግን ቀለም ስትፈልግ ዋለች። ቢሮ ለቢሮ ስትዞር፣ ከርከዴ ሲፈላ ቁጭ ብላ ስታይ፣ አንድ ቃል አምሮላት ስትደሰት። ሙርሳል፣ «ምነው፣ ሌላ ትፈልጊያለሽ?» ሲላት ነው ወደ ራሷ የተመለሰችው።

የከተማው መጨረሻ ያለውን ድልድይ እንዳለፈች ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ኢተፋ ነው። ጃንጥላ የለው፣ ኮፍያ የለው፣ የቢሮ ኮቱ ከትከሻው እስከ ክርኑ ርሷል። ደረሰባትና አጠገቧ መራመድ ጀመረ። ሰንበቴ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የሚያንጠለጥልበትን ቀበቶውን ተመለከተች፤ ቁልፎቹ የሉም። ጃንጥላዋን ወደ እሱ ዘንበል አደረገችለት። እሱ መልሶ ወደ እሷ ገፋው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፣ በግራ በቀኝ የቀርከሃው ጫካ በዝናቡ ጎንበስ ብሏል፣ አልፎ አልፎ ሰው የሌለበት የማሽላ ማሳ ይታያል። አንድ ጊዜ ኢተፋ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፣ ክንዱን ይዛ አነሣችው፣ «አይዞሽ» አላት፣ የወደቀው እሱ ሆኖ ሳለ። ይህን ቃል ልጅ ሆነው ነጎድጓድ ሲያስፈራቸው ነበር የሚላቸው፣ ለእሷና ለብሪቱ።

ወንዙ ገና ሩቅ ሳለ፣ ዝናቡ ቆም ብሎ ጭጋጉ ከጫካው ሲነሣ፣ ከፊታቸው ሰዎች ሲመጡ አዩ። ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች ናቸው፣ ከኋላቸው ሌሎች ለመቀባበል የሚከተሉ፣ ሁሉም እስከ ወገባቸው ጭቃ። ቃሬዛው በቀርከሃና በጆንያ የተሠራ ነው፣ ላዩ ላይ የእርዳታ ብርድ ልብስ አለ። ከፊት የያዘው ሰው፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሲያያቸው ፊቱ ፈካ አለ። የኢተፋን ኮትና ክራቫት ነበር ያየው።

«ከቢሮ ናችሁ?» አለ። «አልሐምዱሊላህ። መኪናው ከኋላችሁ ነው?»

ሰንበቴ ቃሬዛውን ታያለች። ብርድ ልብሱ የተኛውን ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሸፈነው፣ ፊቱንም ጭምር። ከሥር በኩል አንድ እግር ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጫማው የፕላስቲክ፣ ሰማያዊ። ባለፈው ፋሲካ እሷ ራሷ የገዛችላት ጫማ ነው።

«መኪና የለም» አለች ሰንበቴ። ሌላ ሰው የተናገረው መሰላት።

ሰውዬው ፊቱን አዞረ። «ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈችው» አለ። «ወንዙን በገመድ ተሻገርነ። ገና ልጅ ነበረች እኮ፣ ቤት ለቤት ስትዞር፣ እሷ እየነደደች የኛን ግንባር ስትዳስስ። ከኔ ቤት ሁለቱን አስነሥታልኛለች። የመጨረሻዋን ክኒን ለጎረቤቴ ልጅ ስትሰጥ፣ ለራስሽስ ብላት፣ መኪና ይመጣል፣ ጽፌያለሁ አለችኝ።» በክንዱ ፊቱን ጠረገ። «ከዚያ አንቀብራትም አልነ። ለወገኖቿ እናደርሳታለን አልነ። ወገን እንዳላት ተናግራለች።»

ሰንበቴ ከደረቷ ጥቅሉን አወጣች። ላስቲኩን ልትፈታው ሞከረች። ሰውዬው ቀስ ብሎ ተቀበላትና ምን እንደሆነ ሲያውቅ ለአንዱ ወጣት ሰጠው። «ሂድ» አለው። «ሩጥ። ለይመር ቤት፣ ለሐሊማ ቤት፣ ሕፃናቱን አስቀድም።» ወጣቱ በመጡበት መንገድ ተመልሶ ሮጠ፣ ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አዩት።

ሰንበቴ ቃሬዛው አጠገብ ተንበርክካ ያቺን ሰማያዊ ጫማ በሁለት እጇ ያዘቻት። እግሩ ቀዝቅዟል። ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት፣ ሌላ የምታደርግላት ነገር ስላጣች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም። ከወንዶቹ አንዳቸውም ተነሽ አላሏትም፤ ቆመው ጠበቋት።

ኢተፋ አልተንበረከከም። የረጠበ ኮቱን አወለቀና ብርድ ልብሱ ላይ ደረበው፣ ዳር ዳሩን በጥንቃቄ ከሥሯ አስገባው፣ ልጅ ሳለች ሌሊት ልብሷን ስትገፍ ይሸፍናት እንደነበረው። ከዚያ ወደ ረጅሙ ሰው ሄደና ትከሻውን ከቃሬዛው እንጨት ሥር ሊያስገባ ጎንበስ አለ።

«ይተውት፣ ጓድ» አለ ሰውዬው ደንግጦ። «ይከብድዎታል። እኛ እናደርሳታለን።»

«ጓድ አትበለኝ» አለ ኢተፋ። እንጨቱን ትከሻው ላይ አደላደለ፣ ቀና አለ። «ወንድሟ ነኝ።»